ከቆርቆሮው ወዲያ የነበረችው ጨረቃ

ያን ቀን ጠዋት እዚያ የነበርነው እነዚህ ነን። የኔታ ልሳኑ፣ ጋቢያቸውን እንደ ልማዳቸው አደግድገው። ዘጠኙ ተማሪዎቻቸው፣ ከእነሱ መሀል የእኔ ልጅ ጽጌ። የግቢው ባለቤት አዴ ብርቄ ከነበጋቸው። ሱቁን ዘግቶ የመጣው ጋሽ ሸምሱ። የአጥሩ ባለቤት ባሻ ደምሴ፣ መፋቂያቸውን በአፋቸው እንደያዙ። እኔም ነበርኩ። ሌላ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው በኋላ ብዙ ሰው "እኔም በዓይኔ አይቻለሁ" እያለ ስላወራ ነው። ሳቁን የጨመሩበት ያልነበሩት ናቸው። ከነበርነው ውስጥ የሳቁት ባሻ ደምሴ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ወዲያው ዝም ብለዋል።

የኔታ ልሳኑ ከሰፈራችን ከሄዱ ስድስት ዓመት ሆናቸው። ሞተዋል የሚል አለ። ሲሞቱ ያየ ወይም የቀበረ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም። ስለዚህ ነፍስ ይማር አልልም። እንደ ሰው ጽሑፍ ማሳመር አልችልም፤ የተማርኩት ሦስት ክረምት ብቻ ነው፤ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው።

የምንኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱን ወጥተው ሊጨርሱ ትንሽ ሲቀር ነው። የአዴ ብርቄ ግቢ ከእኛ ቤት ጋር በአጥር ይዋሰናል። አዴ ብርቄ ባላቸው በሕይወት ሳሉ የሚያርሱት መሬት ነበራቸው፤ ኋላ ሰፈሩ ቤት በቤት ሲሆን የቀራቸው ያ ግቢና አንድ የጭድ ቤት ነው። የኔታ አንድ ቀን መቋሚያቸውንና አንድ ኮሮጆ ይዘው መጡና የጭድ ቤቱን ለመኑ። አዴ ብርቄ፣ "ጭዱስ የት ይሂድ?" አሏቸው። የኔታም፣ "እኔ በአንድ ጥግ፣ ጭዱ በሌላው። እሱም አይናገር፣ እኔም አልበላው" አሉ። አዴ ብርቄ ሳቁና ቁልፉን ሰጧቸው። በሳምንቱ የሰፈር ልጆች ሀሁ ሲሉ ይሰማ ጀመር።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ናቸው። ሲያስቡ አውራ ጣታቸውን በሌሎቹ ጣቶች አንጓ ላይ ያስኬዳሉ። እኔ መጀመሪያ የሚጸልዩ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ነው የጨረቃን ዕድሜ የሚቆጥሩ መሆናቸውን ያወቅሁት። የቤተ ክርስቲያን ሰው በዓልና ጾም ለማውጣት ይቆጥራል፤ ይህ የታወቀ ነው። የኔታ ግን በዓል ይኑርም አይኑርም በየቀኑ ይቆጥራሉ። ጠዋት ከቤት ሲወጡ ፊታቸውን ወደ ሰማይ ቀና አድርገው፣ "ዛሬ አሥራ አንድ ሆናታል፤ ከሰዓት በኋላ በኮተቤ በኩል ትመጣለች" ይላሉ፣ ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ዘመድ እንደሚጠብቅ ሰው።

ከሳቸው ጋር በዚህ ነገር የሚከራከረው ጋሽ ሸምሱ ነበር። ሱቁ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ስኳር፣ ሳሙና፣ ላምባ ይሸጣል። የረመዳን ወር ሲቃረብ ግቢው ውስጥ ገብቶ ይቆማል።

"የኔታ፣ ጨረቃ ወጥታለች?"

"ወጥታለች። ሁለተኛዋ ነው።"

"ታዲያ የት አለች? እኔ አላየኋትም።"

"አንተ ስላላየሃት አልወጣችም?"

"እኛ ዘንድ እንደዚያ ነው። ያላየኋትን ጨረቃ አልጾምም።"

"እኛ ዘንድ ደግሞ ቁጥሯ ካልሞላ ብታያትም አትቆጠርልህም።"

"እንግዲያው ሁለት ጨረቃ አለች በሉኛ!"

"አንድ ናት፣ ሸምሱ። አንተ በመልኳ ታውቃታለህ፣ እኔ በአካሄዷ።"

ይህን ሲሉ ሁላችንም ሳቅን። እኔ ያን ጊዜ ቀልድ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ስለ ራሴ ትንሽ ካልተናገርኩ የሚቀጥለው ስለማይገባ ልናገር። ከጽጌ በፊት የወለድኳት ልጅ በአራት ወሯ ሞተችብኝ። በቀብሩ ዕለት አንዲት ሴት፣ "ማታ ማታ ይዘሻት ስትወጪ አይቼሻለሁ፤ ጨረቃ መትታት ነው" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እኔ እኔ አይደለሁም። ጽጌ ከተወለደች ጀምሮ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ፊቷን በነጠላ ሳልሸፍን አውጥቻት አላውቅም። ካደገች በኋላም ቀና ብላ እንዳታይ ከልክያት ነበር። ብርድ እፈራለሁ፣ ውሃ እፈራለሁ፣ መኪና እፈራለሁ፤ ልጄ ስታስነጥስ የማልሳለው ቅዱስ የለም። ባሌ፣ "አንቺ እኮ ገና ያልመጣውን በሽታ ታስታምሚያለሽ" ይለኛል።

ጽጌን ወደ የኔታ የላክኋትም ከደጄ ስለማትርቅ ነው። እሱም አልበቃኝም፤ ብርድ ላይ ተቀምጣ እንደሆን ለማየት ባቄላዬን እየፈለፈልኩ በጭድ ቤቱ ደፍ ላይ እቀመጥ ነበር። በሦስተኛው ቀን የኔታ ከውስጥ፣ "የጽጌ እናት፣ እዚያ ተቀምጠሽ ሀ ወደ ጆሮሽ እየገባች ነው። ዓይንሽንም ብታሳያት ምናለ?" አሉኝ። አፍሬ ተነሣሁ። በማግስቱ ተመልሼ ተቀመጥሁ። ፊደሉን ከልጆቹ ጋር ጨረስሁ። በሦስተኛው ክረምት ደብዳቤ መጻፍ ቻልሁ። ሰው ይስቅብኛል ብዬ ስሰጋ የሳቀብኝ ባሌ ብቻ ነው፤ እሱም ለወንድሙ ደብዳቤ የሚጽፍለት ሲያጣ እኔው ጻፍኩለት።

አንድ ቀን የኔታ ጠሩኝ። "ልጆቹ ሁሉ ጨረቃን ቀና ብለው ሲያዩ ያንቺ ልጅ ለምን መሬት መሬት ታያለች?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ለማንም ያልነገርሁትን፣ ሴትዮዋ ያለችኝን ጭምር ነገርኳቸው። የኔታም እንዲህ አሉኝ፦

"የጽጌ እናት፣ ጨረቃ እጅ የላትም። ልጅሽን የወሰደው ሳል ይሁን ትኩሳት ይሁን አላውቅም። እሷ አለመሆኗን ግን አውቃለሁ። ኀዘንሽ ባለቤት አጣ ተብሎ ንጹሕ አይከሰስም። ዛሬ ጀምበር ስትጠልቅ በርሽ ላይ ቁሚ። ሦስተኛዋ ስለሆነ ቀጭን ናት፤ አንቺን አታህልም። እንደምን አመሸሽ በያት። ክፉ ከመለሰችልሽ ነገ መጥተሽ ንገሪኝ፤ እኔ አነጋግራታለሁ።"

ቆምሁ። ጽጌንም እጇን ይዤ አቆምኳት። ጨረቃዋ ክፉም ደግም አልመለሰችልኝም። ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ ወደድኳት። ለምን እንደወደድኳት ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ ስለማታዘኝ ይመስለኛል። ቀኑን ሙሉ የሚጠራኝ ብዙ ነው። ልጅ ይጠራኛል፣ ውሃ ይጠራኛል፣ የማይበስል ወጥ ይጠራኛል። እሷ ግን ዝም ብላ ትቆማለች፤ ቢያዩዋት ባያዩዋት አትቆጣም። የኔታ ይህንኑ በሌላ አነጋገር ይሉት ነበር። "ፀሐይን ሁሉም ይወዳታል፤ እህል ታበስላለች፣ ልብስ ታደርቃለች። ጨረቃን የሚወድ ግን በነጻ ነው የሚወዳት" ይሉ ነበር።

ሁለተኛው የሚወዱት ነገር የስድስት ኪሎ ሐውልት ነው። ከአዴ ብርቄ ግቢ ጫፍ፣ መሬቱ ወደ ቀበና ከሚወርድበት ላይ፣ ያን ጊዜ ጫፉ በባሕር ዛፎቹ መሀል ይታይ ነበር፤ ነጭ፣ ቀጭን፣ እንደ ጧፍ። ከወር ውስጥ ጥቂት ቀን፣ ጨረቃ ከሞላች በኋላ ጠዋት ጠዋት በዚያው በኩል ትጠልቃለች። ሲገጥም ከሐውልቱ ጫፍ ላይ የተቀመጠች ትመስላለች። የኔታ ይህን ቀን ቆጥረው ያወጡና ልጆቹን ያሰልፋሉ። ልጆቹ ከትምህርት ሁሉ አብልጠው የሚወዱት ይህን ነበር።

በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ፣ በየካቲት፣ የበዓሉ ግርግር ካለፈ በኋላ ልጆቹን ይዘው ቀበናን ተሻግረው እስከ ሐውልቱ ይወስዷቸዋል። መጀመሪያ የሄዱ ጊዜ መኪናውን ፈርቼ እኔም ተከተልሁ። አደባባዩ ዳር ሲደርሱ የኔታ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አደገደጉ፣ ዳኛ ፊት እንደሚቆም ሰው። አንዱ ልጅ፣ "የኔታ፣ ከባሕር ዛፍ ይበልጣል?" አላቸው።

"ባሕር ዛፍ ነገም ገና ያድጋል" አሉት። "ይህ ግን አድጎ ጨርሷል። አድጎ የጨረሰ ነገር ማየት ሰውን ያሳርፋል።"

"ውስጡ ሰው አለ?"

"ቤት ቢሆን በር ይኖረው ነበር። በር የሌለውን ነገር ማንም የእኔ ነው አይልም። ስለዚህ የሁሉም ነው።"

ስንመለስ፣ ልጆቹ ቀደም ብለው ሲሄዱ፣ ለምን ይህን ያህል እንደሚወዱት ጠየቅኋቸው። ወጣት የቅኔ ተማሪ ሳሉ ከአንድ ጓደኛቸው ጋር እንጦጦ ማርያም አካባቢ ጎጆ ቀልሰው ይኖሩ ነበር። ምግብ የሚለምኑት በተራ ነው። ያን ቀን ከተማ ምጽዋት ይሰጣል ተባለ። መውረድ ያለባቸው የኔታ ነበሩ፤ እግራቸውን እሾህ ወግቷቸው ስለነበር ጓደኛቸው በሳቸው ፈንታ ወረደ። ጣልያን ሰው የፈጀበት፣ ሐውልቱም የቆመለት ቀን ነው። ጓደኛቸው አልተመለሰም። የት እንደወደቀም አልታወቀም።

"ከተማው ሲጨስ ከላይ ሆኜ አየሁ" አሉኝ። "ጨረቃዋ ከግማሽ ትንሽ አልፋ ነበር። እስክትጠልቅ አብራኝ ጠበቀችው። ሌላ አብሮኝ የጠበቀ የለም።" ትንሽ ሄደው ደግሞ፣ "ተራው የእኔ ነበር" አሉ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንስተው አያውቁም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

አሁን አለማስተዋሌን ልናገር። ምልክቱ ብዙ ነበር። የኔታ ፊደሉን በስንደዶ እየጠቆሙ ያስነብቡ ነበር፤ ኋላ ኋላ ግን ስንደዶውን ለልጆቹ ሰጥተው፣ "እናንተ ጠቁሙ፣ እናንተው ንገሩኝ" ይሉ ጀመር። ጥሩ አደረጉ፣ ልጆቹ ይጎብዛሉ አልሁ። ልጅ ሲመጣ ራሱን በእጃቸው ይዳብሱና ስሙን ይጠራሉ። ፍቅር ነው አልሁ። አንድ ጠዋት ገመድ ላይ ያሰጣሁትን ነጠላ፣ "እንደምን አደርሽ፣ የጽጌ እናት" አሉት። እኔ ከበስተኋላቸው ነበርሁ። ቀልደኛ ናቸው ብዬ ስቄ፣ "እግዚአብሔር ይመስገን" አልሁ። እሳቸውም ዘወር ብለው ሳቁ።

ልጆቹ ግን ሁሉንም ያውቁ ነበር። መንገድ ሲሄዱ የእኔ ጽጌ ከፊት ሆና ዳዊቷን ጮክ ብላ ትደግማለች፤ የኔታ በድምጿ ይከተሏታል። ድንጋይ ካለ ድምጿን ታቆማለች፤ እሳቸውም ይቆማሉ። ይህን ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም። አንድም ልጅ ለእናቱ አልተናገረም። ልጅ ምሥጢር አይችልም የሚል ሰው የየኔታ ልሳኑን ተማሪዎች አላያቸውም።

በዚያ ዓመት በኅዳር ባሻ ደምሴ የቆርቆሮ አጥር አጠሩ። ባሻ ከውትድርና በጡረታ የወጡ፣ ከአዴ ብርቄ ግቢ በታች የሚኖሩ ሰው ናቸው። ከዚያ በፊት አጥሩ እሾህ ነበር፤ በላዩ ሐውልቱ ይታይ ነበር። የአዴ ብርቄ በግ እሾሁን እየጣሰ ጎመናቸውን ስለበላ የሁለት ሰው ቁመት የሚያህል ቆርቆሮ አቆሙ። አዴ ብርቄ፣ "አንድ በግ ፈርተው ምሽግ ሠሩ" ብለው ሳቁባቸው። የኔታ ያን ሰሞን ታመው ተኝተው ነበር። ስለ አጥሩ የነገራቸው የለም። ትልቁ ሰው የሚያዩ መስሎት፣ ልጆቹም አውቀው ነው ያልነገሯቸው።

በየካቲት የኔታ እንዲህ አሉ፦ "ዓርብ ጠዋት በአሥራ ሰባተኛዋ ከሐውልቱ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። እንደ ዘንድሮ አትገጥምም። ወላጅ ጥሩ። ቅዳሜ ደግሞ ስድስት ኪሎ እንወርዳለን።"

ዓርብ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ከላይ የቆጠርኳቸው ሰዎች ግቢው ጫፍ ላይ ተገኘን፤ ቆርቆሮው ቢኖርም የኔታ የምትታይበትን ቦታ ያገኙ መስሎን ነበር። ጋሽ ሸምሱ፣ "ዛሬ ካላየኋት ቁጥርዎን ይተዉና የእኛን ይያዙ" እያለ ነው የመጣው። ባሻ ደምሴ አጥራቸው አጠገብ ቆመዋል። የኔታ ጋቢያቸውን አደግድገው፣ ልጆቹን ግራና ቀኝ አሰልፈው፣ ከቆርቆሮው አምስት እርምጃ ያህል ርቀው፣ ፊታቸውን ወደ ቆርቆሮው አድርገው ቆሙ።

"አያችሁ" አሉ፣ እጃቸውን ዘርግተው። "ዛሬ ደግሞ እንዴት ነጥቷል! ጧፍ ነው። እሷም መጣች፤ ቀስ አለች። እንዳትወድቅ የምትፈራ ይመስል ጫፉ ላይ ተቀመጠች። አያችኋት?"

ከፊታችን ቆርቆሮ ብቻ ነበር። ጤዛ ወርዶበት ይንጠባጠብ ነበር።

ጽጌ፣ "አየናት፣ የኔታ" አለች።

"ምን ትመስላለች?"

"ከአንድ ጎኗ ትንሽ ጎድላለች። እንደተቆረሰ ዳቦ።"

"ልክ ነሽ። አሥራ ሰባተኛዋ እንደዚያ ናት።"

ሌላዋ ልጅ፣ "ወፍም አለ፣ የኔታ፤ በአጠገቧ አለፈ" አለች። የኔታን ደስ አላቸው። ጋሽ ሸምሱ አፉን ከፍቶ አንዴ ልጆቹን፣ አንዴ የኔታን ያያል። አዴ ብርቄ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር አንድ ላይ መጣብኝ፤ ስንደዶው፣ ነጠላው፣ የጽጌ ጩኸት። ነገ እኚህ ሰው ልጄን ይዘው ቀበናን ሊሻገሩ ነው፤ የስድስት ኪሎን መኪና ሊያቋርጡ ነው። ሌላ ምንም አላሰብሁም። እንዲህ ብዬ ጮህሁ፦

"የኔታ፣ ቆርቆሮ ነው እኮ! የሚያዩት ቆርቆሮ ነው!"

ባሻ ደምሴ የሳቁት ያን ጊዜ ነው፤ መፋቂያው ከአፋቸው ወደቀ። የኔታ እጃቸውን እንደዘረጉ ወደ ፊት ሄዱ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ጣቶቻቸው ቆርቆሮው ላይ ደረሱ። ከላይ ወደ ታች አንድ ጊዜ ዳበሱት። እጃቸው ረጠበ።

"ባሻ፣ ቁመቱ ስንት ክንድ ነው?" አሉ።

ባሻ፣ "ሰባት... ሰባት ክንድ ይሆናል። የኔታ፣ ለበጉ ብዬ እኮ ነው" አሉ። ድምፃቸው እንደ ልጅ ሆነ።

"ጥሩ አጥር ነው። ቀጥ ብሎ ቆሟል" አሉ የኔታ። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞሩ። "ከመቼ ጀምሮ ነው?"

ጽጌ፣ "ከኅዳር" አለች።

"ከኅዳር ጀምሮ ቆርቆሮ ሳሳያችሁ ነበር?"

"አይደለም፣ የኔታ። እርስዎ ሲነግሩን ይታየናል።"

የኔታ እጃቸውን ወደ ድምጿ ሰደዱ። ራሷን ዳበሷት። ከዚያ መቋሚያቸውን ይዘው፣ እርምጃቸውን እየቆጠሩ ወደ ጭድ ቤቱ ገቡና በሩን ዘጉት። በሩ ሲዘጋ ጋሽ ሸምሱ ድንጋይ ላይ ወጣ፣ ከድንጋዩ የአዴ ብርቄ አጥር እንጨት ላይ ወጣ፣ ቆርቆሮውን ጨብጦ ራሱን አሻገረ።

"አለች!" ብሎ ጮኸ። "ወላሂ አለች! ከጫፉ አንድ ጣት ወደ ግራ! የኔታ፣ አለች!"

ያላየሁትን አልጾምም የሚለው ሰው መሰከረላቸው። በሩ ግን አልተከፈተም።

ቅዳሜ ስድስት ኪሎ የሄደ የለም። ሰኞ ከዘጠኙ ልጆች አምስቱ መጡ፤ ማክሰኞ ሦስት። ወላጁ ሁሉ የሚለው አንድ ነው፤ "ደግ ሰው ናቸው፣ ግን ዓይን ከሌላቸው ልጅ እንዴት ይጠብቃሉ?" ይህን ቃል መጀመሪያ ያልሁት እኔ ነኝ። እኔም ጽጌን ሁለት ቀን አስቀረኋት። በእነዚያ ሁለት ቀናት ልጄ አንድ ቃል አልተናገረችኝም።

ረቡዕ ወደ ጭድ ቤቱ ሄድሁ። የኔታ ጥግ ላይ ተቀምጠው አውራ ጣታቸውን በጣቶቻቸው አንጓ ላይ ያስኬዱ ነበር። ዓይናቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ አተኩሬ አየሁት፤ ብሌኑ ላይ ወተት የመሰለ ሞራ ወጥቶበታል። በየቀኑ ፊታቸው ተቀምጬ አላየሁትም ነበር።

"ይቅር ይበሉኝ፣ የኔታ።"

"አንቺ የእናት ሥራ ሠራሽ። እናት ፈርታ ከምትኖር ልጅ ቢታዘባት ይሻላል። እኔም ጥፋት አለብኝ። ሁለት ዓመት ስደበቅ ልጆቹን አስዋሸሁ።"

"አብሬያችሁ ልሄድ እችል ነበር። እጅዎን ይዤ፣ ምንም ሳልል..."

"ትችይ ነበር" አሉ። አልተቆጡም። እውነት ስለሆነ ብቻ ነው ያሉት። ከዚያ፣ "ልጠይቅሽ፤ ሐውልቱ አሁንም ነጭ ነው?" አሉኝ።

በዚያ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ፤ ልጄን ከመኪና እየጠበቅሁ አንድ ቀን ቀና ብዬ አላየሁትም ነበር። "ነገ አይቼ እነግርዎታለሁ" አልኳቸው።

"እሺ። ሳትቸኩዪ እዪው።"

ሐሙስ ብቻዬን ወረድሁ። ልጅ ሳልይዝ ከቤት የራቅሁበት ቀን አላስታውስም። አደባባዩ ዳር ነጠላዬን አስተካክዬ ቆምሁ። ሐውልቱን ከሥር የመኪና ጭስና አቧራ ነክቶታል፤ ወደ ላይ በሄዱ ቁጥር እየነጣ ይሄዳል። ከሥሩ ሲያዩት የሚወድቅ ይመስላል፤ የሚሄደው ግን ደመናው ነው። ድካሜ ሁሉ እግሬ ውስጥ ወረደ። አድጎ የጨረሰ ነገር ያሳርፋል ያሉት ያን ጊዜ ገባኝ። ከእኔ ምንም አይፈልግም። ሳላስበው ብዙ ቆየሁ። እስክመለስ ድረስ ቃሉን ሳዘጋጅ ነበር፤ ከሥሩ ጠቁሯል፣ ከላይ ነጭ ነው፣ ርግብ ጫፉ ላይ ነበረች፣ እያልሁ።

ግቢው ስደርስ አዴ ብርቄ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ዓይናቸው ቀልቷል።

"ሄዱ" አሉኝ።

"ወዴት?"

"ወዴት ነው ስላቸው ወደ ላይ አሉኝ። አልጋዬን እሰጥዎታለሁ አልኳቸው፣ በጉንም አርድልዎታለሁ አልሁ። በጉን ተይው፣ እሱ ምን አደረገ አሉኝ።" የኔታ ለጽጌ የተዉላትን ያን ስንደዶም ሰጡኝ።

በማግስቱ ከጋሽ ሸምሱ ጋር እንጦጦ ማርያም ወጣን። ዳገቱን ጨርሰን ስንደርስ አንድ ዓይነ ስውር መምህር ሁለት ቀን አድረው ወደ ሱሉልታ በኩል ሄዱ አሉን። ቀኑ አይገጥምም፤ ሌላ ሰው ይሆናሉ። በዓመቱ አንድ የእንጨት ነጋዴ ከሱሉልታ ወዲያ አይቻቸዋለሁ፣ ልጆች ያስተምራሉ አለ። ሌላው ደብረ ሊባኖስ ናቸው አለ። ሌላው ሞተዋል አለ። ባሌን ልኬ መንገደኛ ሹፌሩን ሁሉ አስጠየቅሁ።

ባሻ ደምሴ ማንም ሳይጠይቃቸው በዚያው ክረምት ቆርቆሮውን በልጅ ቁመት ላይ በመቀስ ቆረጡት፤ ትንሽ መስኮት አበጁለት። በጉ አሁን ራሱን በዚያ እያስገባ ጎመኑን ያያል፤ ባሻም አይናገሩም። ጽጌ አድጋ ተማሪ ቤት ገብታለች። ከእኔ ጋር ታርቃለች፤ ነገር ግን አንዳንድ ጠዋት በዚያ መስኮት ስታይ ዞር ብላ እኔን ታየኛለች።

ይህን አሁን የምጽፍበት ምክንያት አለኝ። ጋሽ ሸምሱ ዕቃ የሚያመጣለት አንድ ሹፌር ዓይኑን ሞራ ጋርዶት ነበር። ሐኪም ቤት ገብቶ አስገፈፈው፤ አሁን መኪናውን ይነዳል። ያን ጊዜ ይህን የሚያውቅ ከመካከላችን አልነበረም። እኔ መጠየቅ እችል ነበር፤ ቆርቆሮ ነው ብዬ ከመጮህ ይልቅ ይህን መጠየቅ ነበረብኝ።

የኔታ ልሳኑ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጎበጥ ያሉ ናቸው፤ ሲያስቡ በጣታቸው አንጓ ይቆጥራሉ፣ ልጅን ራሱን ዳብሰው በስሙ ይጠራሉ። ያየ ወይም የሰማ ሰው ካለ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የአዴ ብርቄን ግቢ ጠይቆ ይምጣ፤ ወይም ለጋሽ ሸምሱ ይንገርልኝ። በሕይወት ካሉ ሞራው የሚወጣ መሆኑን ንገሩልኝ፤ እኔ መጥቼ እጃቸውን ይዤ እወስዳቸዋለሁ። ሞተውም ከሆነ የት እንደተቀበሩ ንገሩኝ።